ዋንጫውን ያነሣው አምበል

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የ1954ቱ ዋንጫ ሲነሣ ሰው ሁሉ መንግሥቱ ወርቁን ነው የሚጠራው። እርስዎ ግን ሉቺያኖ ቫሳሎ ይላሉ። ለምን?

ሽማግሌው፦ መንግሥቱማ ሲያንሰው ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የበላችው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የዚያ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የገጠምናት ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ናት። ቀድማ አገባችብን። በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆንን፤ እፎይ ሳንል በ75ኛው ደገመችን። እንዲህ ያለ ጎል ጉልበት እንዴት እንደሚያርድ እዚህ ሆሳዕና አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አቻ ያደረገን ሉቺያኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡ፤ 4 ለ 2። የሉቺያኖ ጎል ባትኖር የመንግሥቱ ጎል የምትገባበት ሰዓት ከየት ይመጣ ነበር?

ወጣቱ፦ አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያን፣ በኋላም አገር ጥሎ የሄደ ሰው አይደለም እንዴ? የተረሳው ለዚያ ይሆናላ።

ሽማግሌው፦ ለዚያ መሆኑ ነው የሚከነክነኝ። የፋሺስት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ እንዳይል ከልክሎ ነበር፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በክልስነቱ ይገለል እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ1970 መሰደዱን ታነሣለህ፤ በዚያ ዘመን ስንቱ ተሰደደ? ደግሞስ የኋላ ስደት የፊቱን ጎል ይሽራል? የሀድያ ሆሳዕናን ማሊያ ለለበሰ ሁሉ አገርህ የት ነው ሳትል ታጨበጭብ የለም? ያንኑ መስፈሪያ ለእሱ ስጠው።

ወጣቱ፦ የእሱን ስም ማንሣት የመንግሥቱን ክብር አይሻማም?

ሽማግሌው፦ አሜሪካኖችን እይ። በቤዝቦል የቀለምን አጥር ሰበረ ተብሎ የሚወደሰው በ1947 እ.ኤ.አ. የገባው ጃኪ ሮቢንሰን ነው። ሞዝስ ፍሊትውድ ዎከር የሚባል ጥቁር ግን በ1884 ከቶሊዶ ቡድን ጋር በትልቁ ሊግ ተጫውቶ ነበር፤ በሩ የተዘጋው ከእሱ በኋላ ነው። ዎከር ቢነሣ ሮቢንሰን ምን ይጎድልበታል? እንዲያውም የሰበረው አጥር ምን ያህል የከረመ እንደነበር ይበልጥ ይታያል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ሐውልት ይቁምለት?

ሽማግሌው፦ ሐውልቱ ይቆየን። ሆሳዕናና ዱራሜ ታዳጊዎቻቸውን ሲያጋጥሙ የምርጥ አምበል ሽልማት በስሙ ይሰየም። ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም።