ድመት አስኮላሽተው ለሚመለሱ የንፋስ መውጫ ነዋሪዎች የተሰጠ ማሳሰቢያ

ለጋይንት ሰው ማኮላሸት አዲስ ነገር አይደለም። በሬው ለእርሻ እንዲገራ፣ በጉና ፍየሉ ሙክት እንዲሆኑ ሲያኮላሽ ኖሯል። ድመት ግን ለብቻው ነው። በሬ ቡርዲዞ በሚባለው መቆንጠጫ ሲኮላሽ ቆዳው አይቀደድም። ወንድ ድመት ግን ሙሉ ሰመመን ተሰጥቶት፣ የቆለጡ ከረጢት ተቀዶ ነው ቆለጡ የሚወጣው። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ የቤቱ ሰው ሥራ ነው። ቁስሉ ካልነካካነው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ድመቱን ይበልጥ የሚያሰጋው እኛ ለእሱ አዝነን የምናደርገው ነገር ነው፤ ይህን ማሳሰቢያ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

በቅድሚያ፦ ድመትን ጆንያ ውስጥ ከትቶ በምላጭ ማኮላሸት ሕክምና ሳይሆን ጭካኔ ነው። በግ በማኮላሸት የተመሰገነ ጎረቤት ቢኖራችሁም ድመታችሁን አትስጡት። የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ድመት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ጉዞው

ከጎንደር በአዲስ ዘመን፣ በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ በጉና ተራራ ሥር የሚያልፈው መንገድ ረጅም ነው፤ ብርዱም ጤነኛውን ሰው ያንዘፈዝፋል። ሰመመኑ ጨርሶ ያልለቀቀውን ድመት ይዛችሁ መኪና አትሳፈሩ። ቢቻል እዚያው አድራችሁ በማግስቱ ተመለሱ። ብዙ ቀዳዳ በተበሳ ካርቶን ወይም ክዳን ባለው ቅርጫት ያዙት፤ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ ከዕቃ ጋር መኪና ጣራ ላይም አታስጭኑት።

የመጀመሪያው ሌሊት

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰመመን የወሰደ አካል ሙቀቱን መጠበቅ ይሳነዋል፤ ለድመት ደግሞ 38 ዲግሪና ትንሽ ከዚያ በላይ ነው ጤነኛው ሙቀት። ስለዚህ፦

– በባና ወይም በአሮጌ ጋቢ ሸፍኑት፤ ፊቱን ግን ክፍት ተዉት። ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎኑ ብታኖሩለት መልካም ነው።

– ምድጃ ዳር አታስተኙት። የደነዘዘ ድመት ሲቃጠል አይሰማውም፤ ቢሰማውም ተነሥቶ መሸሽ አይችልም። ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍሉን መዝጋትማ ድመቱንም እናንተንም ይገድላል።

– መደብ ወይም አልጋ ላይ አታውጡት፤ እየተንገዳገደ ይወድቃል። መሬት ላይ፣ ጨለም ባለ ጥግ፣ ከውሻና ከሕፃናት ርቆ ይደር።

ምግብ

አንገቱን ቀና አድርጎ ሳይንገዳገድ እስኪራመድ ድረስ ውኃም ምግብም አትስጡት፤ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ብቻ ቅመስ በሉት። በማግስቱ እንደ ልማዱ ይብላ። ቀኑን ሙሉ እህል ውኃ እምቢ ካለ ሐኪሙን ጠይቁ።

ወተት ለድመት ይስማማዋል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ብዙ አዋቂ ድመቶች ግን ወተት ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጡም አዲሱን ቁስል ያበላሻል። ከሁሉም ይልቅ ወጥ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ሽሮውም ምስር ወጡም ያለ ሽንኩርት አይሠራም። በጾም ወቅት ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል፤ ሰዉ ሲጾም ድመቱም የጾም ፍትፍት ይደርሰዋልና። ድመት ያለ ሥጋ ዘር ጤናው አይቆምም፤ በተለይ ቁስል ሲሽርለት። ጨውና በርበሬ ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ ወይም የተቀቀለ እንቁላል አዘጋጁለት። በጾም ቀን ለድመት እንቁላል መቀቀል የማንንም ጾም አይገድፍም።

የሰው መድኃኒት

ይህን ለብቻው አንብቡት፣ ለቤተሰቡም አንብቡለት። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ከአካሉ የሚያስወግድበት መንገድ እጅግ ደካማ ነው፤ ለእኛ ራስ ምታት የምንውጠው አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ለሕይወቱ ይበቃል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም አደገኞች ናቸው። አሞታል ብላችሁ ብታዝኑ ለሐኪሙ ደውሉ፤ ለድመት የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ።

ቁስሉ

የወንድ ድመት ቆለጥ የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይሰፋም፤ ክፍት ተትቶ በራሱ ይገጥማል። «ሐኪሙ ሳይሰፋው ላከው» ብላችሁ አትደንግጡ። በመጀመሪያው ቀን ጠብታ ደም፣ ከዚያም ትንሽ እብጠት ያለ ነው።

ምንም አትቀቡት። ለጋ ቅቤ ብትቀቡት ይልሰዋል፣ ሲልስ ቁስሉን ይከፍተዋል። አረቄና ጨው ያቃጥሉታል። ዴቶልና ክሬኦሊን ለድመት መርዝ ናቸው። ለበግ መዥገር የምትገዙትን ዲያዚኖን ዝንብ ያባርራል ብላችሁ አጠገቡ እንኳ አታድርሱ። አትጠቡት። ቁስሉን አዘውትሮ ከላሰ አንገቱ ላይ ከካርቶን ወይም ከፕላስቲክ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ክብ ከለላ አድርጉለት፤ አንገቱን እንዳያንቀው ሁለት ጣት ያስገባ። እስኪሽር 10 ቀን ገደማ ይፈጃል።

ድመታችሁ አመድ ላይ የሚጸዳዳ ከሆነ ለመጀመሪያው ሳምንት አመዱን አንሡ፤ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። የተቀዳደደ ወረቀት ተኩለት።

ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም የምትሄዱት ደሙ መፍሰሱን ካላቆመ፣ ድዱ ከነጣ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ ነው። ሌላው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ምልክት፣ ለመሽናት እየተቀመጠ እያማጠ ሽንት አለመውጣቱ ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ጠባብ ነው፤ ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። «ድርቀት ይሆናል» እያላችሁ አትጠብቁ።

ከዳነ በኋላ

ቆለጡ ወጣ ማለት በዚያው ቀን ማስረገዝ አቆመ ማለት አይደለም። ቀድሞ የተመረተ ዘር በቱቦው ውስጥ ይቆያል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከሴት ድመት አርቁት። ከዚያ በኋላ ሌሊት መዞሩ፣ መደባደቡና ግድግዳ ላይ መሽናቱ ይቀንሳል። አይጥ ማደኑን ግን አይተውም፤ የተኮላሸ ድመት ጎተራ አይጠብቅም የሚባለው ስህተት ነው። ቀድሞ ከሚበላው ግን ቀነስ አድርጉለት፤ ቶሎ ይወፍራል። በጎተራው ዙሪያ የአይጥ መርዝ ካኖራችሁ አንሡት፤ መርዝ የበላች አይጥ ድመቱንም ይዛ ትሞታለች።

በመጨረሻ ስለ ሰው። የታመመ ድመት ቁስሉን ሲነኩት ይነክሳል። ንክሻውን ወይም ቡጨራውን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ትንሽ ነው ብላችሁ ሳትተዉት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። ድመቱን ለማስኮላሸት በወሰዳችሁበት ጉዞ የዚህን በሽታ ክትባትም አስከትቡት።