በሆቴል ደጅ እንግዳን ስለ መቀበል

የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ እንግዳን በቤቱ ያለ ዋጋ ያበላ ነበርና፥ ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ከአድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ የሚገዛ ሰው ጠፍቶ፥ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋር በልተው ዋጋውን በመክፈል ሕዝቡን እንዳለማመዱ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ምግብን መሸጥ ነውር መሆኑ ቀርቷል፤ አክብሮትን መሸጥ ግን ዛሬም ነውር ነው።

በሆቴል ደጅ ቆማችሁ እንግዳ የምትቀበሉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ።

፩ኛ፤ ባለመኪናውን እጅ ነሥቶ አስገብቶ፥ ነጠላው ያደፈውን ሽማግሌ ግን ባዶ ወንበር ሳለ «ተይዟል» ብሎ መመለስ ሁለት በደል ነው፤ ሐሰትና ንቀት።

፪ኛ፤ ጉርሻ ተቀብሎ ኋላ የመጣውን ማስቀደም የሌላውን ተራ መስረቅ ነው።

፫ኛ፤ ጿሚ «ይህ ወጥ ቅቤ አልነካውምን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ወጥ ቤቱን ጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት። ጾሙን በእናንተ ቃል ላይ ጥሏልና።

ምናልባት ባለቤቱ «እንዲህ ያለውን ሰው አታስገቡ» ይል ይሆናል። እንቢ ማለት እንጀራን ሊያሳጣ ይችላልና ነገሩ ቀላል አይደለም። ቢሆንም አስቀድማችሁ በትሕትና ለምኑት፤ «ይህም እንግዳ እንደ ሌላው ይከፍላል» በሉት። ከደጅ የተመለሰ ሰው የባለቤቱን ትእዛዝ አልሰማም፤ ሲያዝን የሚታወሰው የእናንተ ፊት ነው።