ከውጭ ሆነው አዲስ አበባ የመጀመሪያ ቤትዎን ሲገዙ

ሰው አገር ሠርቶ ያጠራቀመ ሰው ቤት ልግዛ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ሰሚት ካሬው ስንት ገባ? ለቡስ? ቦሌ ቡልቡላስ? በእኔ እምነት ዋጋ መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ተሠርቶ ያለቀ፣ ራሱን የቻለ ካርታ በሻጩ ስም የወጣለት ቤት ነው። ጠበብ ቢልም፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ቢልም ግድ የለም።

በቅድሚያ በሕግ ቤት መግዛት የሚችሉ መሆንዎን ያረጋግጡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት በእጅዎ ካለ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደሚሠሩት ወገኖቻችን፣ ጥያቄ አይነሳም። የሌላ አገር ዜግነት ከወሰዱ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ነው የሚያይዎት፤ ያ ሕግ ደግሞ ለውጭ ዜጋ በሩን ዘግቶ ነው የቆየው። ለትውልደ ኢትዮጵያዊ በሩን የከፈተው በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው። ብዙዎች ቢጫ ካርድ የሚሉት መታወቂያ የተገኘው ከዚያ ነው፤ የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላል። በ2017 ደግሞ ለውጭ ዜጎች በሙሉ ቤት የመግዛት መብት የሚሰጥ ሌላ አዋጅ ጸድቋል፤ እሱ ግን ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ ቢጫ ካርድዎን ቤት ከመፈለግዎ በፊት ያውጡ።

ቀጥሎ ምን እንደሚገዙ ይወቁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እርስዎ የሚገዙት ቤቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። ይዞታው የሊዝ ከሆነ የመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ሻጩ የሊዙን ክፍያ እስከ መቼ እንደከፈለና ምን ያህል ዕዳ እንደቀረ በደረሰኝ ያሳይዎት። ያልተከፈለ ካለ በውሉ ላይ ማን እንደሚከፍለው ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ከርክክብ በኋላ የሚያጨቃጭቃችሁ እሱ ነው።

ገና መሠረቱ ያልወጣ ሕንፃ በቅድመ ክፍያ መግዛት ለምን ለጀማሪ አይሆንም እላለሁ? በአዲስ አበባ ሙሉ ክፍያ ከፍለው ለዓመታት ቤት ያላገኙ ገዢዎች ጉዳይ ፍርድ ቤትና የመንግሥት ኮሚቴ ዘንድ ሲንከባለል አይተናል፤ ከነሱም ብዙዎቹ ዳያስፖራ ነበሩ። በ2017 የሪል ስቴት ልማትንና ግብይትን የሚገዛ አዋጅ መውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሕግ መኖሩ ግን ሕንፃውን አያቆመውም። ሊፍቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ጊዜ ግማሽ ላይ የነበረ ግንባታ ወጪው ምን እንደሆነ ማሰብ ነው። የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ካለ ልዩነቱን የሚሸፍኑት እርስዎ ነዎት፤ ከሌለ ደግሞ አልሚው ሥራውን ሊያቆመው ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ከአልሚ ልግዛ ካሉ ከዚህ በፊት ሠርቶ ያስረከበውን ሕንፃ ሄደው ይዩ፣ ነዋሪዎቹን ካርታችሁ ወጣ ወይ ብለው ይጠይቁ። ቤት ገብቶ ለዓመታት ካርታ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

ሻጭ ካገኙ ወረቀቱን ያገላብጡ። ካርታውን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ሲልኩልዎ አይርኩ። ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማ የመሬት ቢሮ ሰው ልኮ ፋይሉን ማስመርመር ያስፈልጋል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ማስረጃም ይውጣ። ባንክ ይዞት ይሆናል፣ በውርስ ክርክር ፍርድ ቤት አግዶት ይሆናል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ካልፈረመ የጋራ ቤት አይሸጥም፤ የቤተሰብ ሕጉ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። አላገባሁም ካለም ማስረጃውን ያምጣ። ቤቱ ያለበትን አካባቢ ፕላንም ያስጠይቁ፤ በኮሪደር ልማት መንገድ ዳር የነበሩ ስንት ቤቶች እንደተነሱ ሁላችንም አይተናል።

ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን እስከ 5 ዓመት መሸጥ አይችልም። ገበያው ግን መላ ዘየደ፤ ሻጩ ገንዘቡን ሙሉ ለሙሉ ይቀበልና ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፣ ጊዜው ሲደርስ ስም ይዞራል ተብሎ ይጠበቃል። ዋጋው ረከስ ስለሚል ያጓጓል። ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። የሰጠው ሰው በፈለገ ቀን ይሽረዋል፣ ከሞተም ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚገጥሙዎት ወራሾች ናቸው። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ቢሆንም ካርታው የሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቤት በምንም ዋጋ አይግዙ።

ሽያጩ ራሱ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት መፈረም አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የሚለው ይህንኑ ነው። ሽማግሌ አስቀምጦ ሰፈር ውስጥ የተፈረመ ወረቀት፣ ምስክር ቢደረደርበትም፣ አይበቃም።

እርስዎ መምጣት ካልቻሉ ውክልና ይልካሉ። በሚኖሩበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተፈርሞ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ጽሑፉን ቃል በቃል ያንብቡት። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ወኪልዎ እንዲገዛልዎ ብቻ ከፈለጉ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚሉ ቃላት እዚያ ምን ይሠራሉ? ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ከለመደው ቅጽ ላይ ገልብጦ ነው የሚያስገባቸው። ያስወጧቸው። ቤቱ በእርስዎ ስም እንደሚገዛም ያስጽፉ። ገንዘቡን ለወኪሉ በእጅ ከመስጠት በባንክ ልከው በሻጩ ስም በሲፒኦ ይከፈል።

ወንድሜ ስም ይሁን፣ እናቴ ስም ይሁን የሚሉ አሉ። ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት ሠርተው የዓመታት ደመወዛቸውን እንዲህ ያስቀመጡ እህቶች ሲመለሱ የደረሰባቸውን ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ሕጉ ባለቤት ነው ብሎ የሚገምተው ካርታው ላይ ስሙ ያለውን ነው። ያንን ግምት ለማፍረስ ክርክር ውስጥ መግባት አለብዎት፤ በጥቁር ገበያ የተላከ ገንዘብ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ቤተሰብን መውደድና ቤቱን በራስ ስም ማድረግ አይጣሉም።

ለማከራየት የሚገዙ ከሆነ ስሌቱን በሁለቱም ገንዘብ ይሥሩት። በወር 30 ሺህ ብር የሚከራይ ቤት ዶላሩ 57 ብር ተኩል ሳለ 520 ዶላር ያህል ነበር፤ ዶላሩ 150 ብር ሲሆን 200 ዶላር ነው። ኪራዩን በፈለጉ ጊዜ አይጨምሩም፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጭማሪውን ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ እንዲወስን አድርጓል። ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም። ስለዚህ ተከራይ ሲመርጡም፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲቆርጡም አስበው ይሁን።

ሕንፃውን በአካል የሚያይልዎ ሰው ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሊፍቱና ጀነሬተሩ እንደሚሠሩ፣ ካሬው የጋራ መተላለፊያውን ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር ይጠይቅ።

ደላላው ዛሬ ካልያዝከው ነገ የለም ይልዎታል። ቀብድ ከመላክዎ በፊት የእርስዎ እንጂ የሻጩ ወይም የደላላው ያልሆነ ጠበቃ ይያዙ፤ ፋይሉን አይቶ በጽሑፍ አስተያየት ይስጥዎ። እሱ እስኪጨርስ አልጠብቅም ያለ ሻጭ ካለ ይለፍዎት።