ቻፕሊን ያደገበትን ሰፈር በእግር ለማስጎብኘት

ለንደን ውስጥ እንግዶችን ይዞ የቻርሊ ቻፕሊንን የልጅነት ሰፈር፣ ኬኒንግተንን፣ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ጉዞውን ብዙ ጊዜ ከድህነት ወደ ዝና የሚያወጣ መሰላል አድርጎ ያዘጋጀዋል። ይህ አካሄድ መቀየር አለበት ባይ ነኝ። ቻፕሊን እዚህ የኖረው የልጅነት ኑሮ መውጣትና ተመልሶ መግባት የበዛበት ነበር፤ ፊልሞቹንም ከምንም በላይ የሚያስረዳው ይኸው መመላለስ ስለሆነ መንገዱም እሱን መከተል አለበት።

ሬንፍሩ መንገድ ላይ ይጀምሩ። ከቀድሞው የላምቤዝ የድሆች መጠለያ የተረፈው ሕንፃ ዛሬ የሲኒማ ሙዚየም ነው፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ካሰቡ ግን አስቀድመው ይጠይቁ። እናቱ ሐና፣ ወንድሙ ሲድኒና እሱ እ.ኤ.አ. በ1898 እዚህ ገብተዋል፤ ልጆቹም ከእናታቸው ተለይተው ወደ ሌላ ተቋም ተላኩ። ከዚያ እንግዶቹን በእግር ወደ ኬኒንግተን ፓርክ ይውሰዷቸውና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ስለ አንዲት ቀን ይንገሯቸው። ሐና ልጆቿን ለማግኘት ስትል ከመጠለያው እንወጣለን ብላ አመለከተች። ሲድኒ በመሐረብ የቋጠራት 9 ፔንስ ነበረችው፤ ሩብ ኪሎ ገደማ ጥቁር ቼሪ ገዝተው እዚሁ ፓርክ ተቀምጠው በሉ፤ ጋዜጣ ጨምድደው በሲባጎ አስረው ኳስ ተቀባበሉ። ሲመሽ ወደ መጠለያው ተመለሱ። በ1921 የወጣውን «ዘ ኪድ» ፊልሙን፣ ሹማምንቱ ልጁን ከአሳዳጊው ነጥቀው በመኪና የሚወስዱበትን ትዕይንት፣ ማንሳት ያለብዎት እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ቻፕሊን በ75 ዓመቱ ባሳተመው ግለ ታሪኩ የተረከው ስለሆነ ይታመናል ወይ የሚል ጠያቂ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቤተሰቡ ወጥቶ በዚያው ቀን መመለሱን የመጠለያው መዝገብም ያረጋግጣል፤ የቼሪውና የኳሱ ምስክር ግን እሱ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ለእንግዶች በግልጽ ይንገሯቸው። የልደት መዝገቡ ስላልተገኘ፣ ተወለድኩበት የሚለውን ኢስት ስትሪትን ከመንገዱ ቢያወጡት ይሻላል።

ቀጥሎ ከእናቱ ጋር ወደ ኖረበት ሜትሊ ስትሪት ቁጥር 39 ይሂዱ። ግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ከማዶ ቆመው ዝግ ባለ ድምፅ ይናገሩ። በአካባቢው ቄራ ነበር። አንድ ቀን በግ አመለጠና ሰዉ እየተሯሯጠ፣ እየተደናቀፈ ሲያሳድደው ትንሹ ቻርሊ በሳቅ ፈረሰ፤ በጉ ተይዞ ሲመለስ ግን ሊያርዱት እኮ ነው እያለ ወደ እናቱ ሮጠ። ሳቅና ሐዘንን አንድ ላይ የመያዙ ነገር ምናልባት ከዚህ ተነስቶ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። እዚህ ጊዜ ይስጡ፤ ከጉዞው ሁሉ ይህን ያህል የሚያስረዳ ቦታ የለም።

ብዙው ቤት ፈርሷል፣ ምን ይታያል? የሚሉም አሉ። ከእናቱ ጋር ጣሪያ ሥር የኖረበት ፓውናል ቴረስ እውነትም የለም። በምትኩ የሚመስል ሌላ ቤት ማሳየት ግን እንግዳን ማታለል ነው። ርቀቱ አልፈረሰም፤ ከመጠለያው እስከ ፓርኩ፣ ከፓርኩ እስከ እናቱ ቤት ያለውን በእግር የሄደ ሰው ችግሩና ጨዋታው ምን ያህል ጎን ለጎን እንደነበሩ ይገባዋል። ቻፕሊን ራሱም በ1921 ከሆሊውድ ሲመለስ እነዚህን ጎዳናዎች ሊያይ መጥቷል።

ኬኒንግተን ሮድ ቁጥር 287፣ ከአባቱ ጋር ጥቂት ጊዜ የቆየበት፣ በመንገድዎ ላይ ስለሆነ ቆም ብለው ይለፉ። ወደ ሰሜን ቀጥለው ስሪ ስታግስ መጠጥ ቤት ሲደርሱ ይጨርሱ። ዘፋኙን አባቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው እዚያ ነው፤ አቅፎ የሳመውም ያን ዕለት ብቻ መሆኑን ጽፏል። አባትየው በ1901 በ38 ዓመቱ ሞተ፤ ያጠፋው መጠጥ ነበር። ዝናውስ ለሚል እንግዳ፣ ዝናው በየፊልሙ አለ፤ እዚህ ብቻ የሚገኘው ግን ልጅነቱ ነው። ላምቤዝ ኖርዝ የባቡር ጣቢያ ከዚያ ቅርብ ነው።