የሩዝ ገለባና የናኖ ፖሊመር ሳይንስ

ከወረታ እንነሣ

የፎገራ ገበሬ ሩዙን ወቅቶ ጭዱን ለከብቱ ያስቀምጣል፤ ፍሬውን ወረታ ወዳሉት መፈልፈያዎች ይወስዳል። እዚያ የሚወጣው ገለባ የፍሬውን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። ቶሎ የማይበሰብሰው፣ ለመኖም እምብዛም የማይረባው ይህ ገለባ ለናኖ ፖሊመር ምርምር ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው።

ፖሊመር ምንድን ነው?

ትንንሽ ሞለኪውሎች እየተያያዙ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ፖሊመር ይባላል። ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ ፖሊመር ነው፤ በገለባው ውስጥ ያለው ሴሉሎስም እንዲሁ። ሴሉሎስ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ በአንዳንድ ቦታ ጥብቅ ብለው ተሰልፈው ክሪስታል ይሠራሉ፤ በሌላ ቦታ ላልተው ይዘበራረቃሉ።

ናኖው እንዴት ይወጣል?

የተፈጨው ገለባ በኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ከሴሉሎሱ ጋር ያለው ሲሊካና የሊግኒኑ ከፊል ይለቃል። ቀጥሎ በበረኪና መሰል ኬሚካል ነጭ እስኪሆን ይጸዳል። ከዚያ 64 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቆያል። አሲዱ የላላውን ክፍል ቀድሞ ይበላል፤ ጥብቁ ክሪስታል እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ ይተርፋል፤ ናኖ ሴሉሎስ የምንለው ይህን ነው። ብዙ ከቆየ ክሪስታሉም ስለሚፈርስ ድብልቁ በጊዜው ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይገለበጣል።

መጠን ጠባይን ለምን ይለውጣል?

እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ጠቅላላ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ኩብ ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር ወደሆነ ቅንጣቶች ብንከፋፍለው ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ናኖ ሴሉሎስ ከፕላስቲክ ጋር ሲደባለቅ ይህ ሁሉ ገጽ መያያዣ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት በመቶ ናኖ ሴሉሎስ በደንብ ከተሰራጨ ፕላስቲኩን ያጠነክረዋል። ሴሉሎስ ግን ውኃ ወዳድ፣ ብዙው ፕላስቲክ ደግሞ ውኃ ጠል ነው፤ ቅንጣቶቹ ከተጓጎሉ ፕላስቲኩ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። የተመራማሪው ትልቁ ፈተናም ይኸው ነው።

ምን ይጠበቅብናል?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ከጤፍ ጭድ፣ ከእንሰት ቃጫና ከቡና ገለባ የሴሉሎስ ናኖ ክሪስታል አውጥተዋል። ወረታም የሩዝ ምርምር ማዕከል አላት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ቅርቧ ነው። ጭዱ የከብቱ ቀለብ ስለሆነ ምርምሩ ከገለባው ይጀምር። የአሲዱ እጣቢም አሲድነቱ ሳይመክን ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ ጣና ሐይቅ እንዳይወርድ ሥራው ገና ሲታቀድ ይታሰብበት።