የብሩ ሳንቲም፣ የነሐሱ መስቀል

በብሪታንያ ከፍተኛው የጦር ሜዳ የጀግንነት ሽልማት የቪክቶሪያ መስቀል ይባላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1856 የተቋቋመ ሲሆን፣ በማዕረግ ልዩነት ሳይደረግ ለተራ ወታደርም ለጄኔራልም ይሰጣል። 150ኛ ዓመቱ በ2006 ሲከበር ሁለት ዓይነት ባለ50 ፔንስ መታሰቢያ ሳንቲሞች ወጡ። በአንደኛው የመስቀሉ ፊትና ጀርባ፣ በሌላው ቁስለኛ ጓዱን የተሸከመ ወታደር ተቀርጿል። ለመገበያያ የወጡት ከመዳብና ከኒኬል የተሠሩ ሲሆኑ፣ ለሰብሳቢዎች ግን ከብር የተሠሩም ተዘጋጅተው ነበር። ታዲያ በእጃችን የገባው ሳንቲም በእርግጥ ብር መሆኑን ሳንፍቀውና ሳናቀልጠው እንዴት እናውቃለን?

አስቀድመን ብሩን እንመልከት። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫጫራል። ጥቂት መዳብ ሲቀላቀልበት ግን፣ ከብር አተሞች የሚያንሱት የመዳብ አተሞች የብሩ አተሞች ተደርድረው እንዳይንሸራተቱ ያውካሉ፤ ብሩም ይጠነክራል። በዚህ ሳንቲም ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው፤ ይኸውም ከ8 ግራሙ 7.4 ግራም ማለት ነው። አያቶቻችን የተገበያዩበት ማርትሬዛ እንኳ ከ1000 እጅ 833 ያህል ብቻ ነበረው።

መፈተኛው የአርኪሜድስ ዘዴ ነው። ውሃ የያዘ ብርጭቆ በስሱ ሚዛን ላይ አስቀምጠን ሚዛኑን ዜሮ እናደርጋለን። ከዚያም ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለን፣ የብርጭቆውን ታችም ሆነ ጎን ሳናስነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ እናጠልቀዋለን። ውሃው ሳንቲሙን ወደ ላይ በሚገፋው መጠን ሳንቲሙም ውሃውን ወደ ታች ስለሚገፋ ሚዛኑ ጭማሪ ያሳያል። የብሩ ሳንቲም እፍጋት 10.4 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ጭማሪው 0.77 ግራም ያህል ይሆናል፤ የመዳብና የኒኬሉ ግን፣ ክብደቱ ያው 8 ግራም ሆኖ ሳለ፣ ወደ 0.90 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ በቤተ ሙከራችን ሚዛን በግልጽ ይነበባል። ከሳንቲሙ ላይ የአየር አረፋ እንዳይቀር ግን መጠንቀቅ ያሻል።

መስቀሉ ራሱ ከነሐስ የተሠራ ነው። ከእርሱ ላይ ናሙና መፋቅ የማይታሰብ ነው። ከመስቀሎቹ አንዱ በአገራችን ምድር ለተፈጸመ ሥራ የተሰጠ ነው። በ1941 ህንዳዊው የመሐንዲስ ክፍል መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በአራት ቀናት ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ 15 የፈንጂ ሜዳዎችን አጸዳ። የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመታ፤ የጆሮው ታምቡርም ተበሳ።

እንዲህ ላለው ቅርስ የተስማማው የኤክስ ጨረር ነው። ጨረሩ ከአተም ውስጠኛ ምህዋር ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ ከላይ ያለው ወርዶ ቦታውን ሲሞላ ለንጥረ ነገሩ ብቻ የተወሰነ ጨረር ይለቀቃል። የመዳብ 8.0፣ የቆርቆሮ 25.3 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የሚታየው ግን ስስ የላይኛው ንጣፍ ብቻ ስለሆነ፣ በብር የተለበጠ ሳንቲም ሲገጥመን የውሃው ዘዴ ይበልጣል።

ነሐሱ በሴባስቶፖል ከተማረኩ የሩስያ መድፎች የተገኘ ነው ሲባል ኖሯል። ምርመራው ግን የመስቀሎቹ ቅይጥ እንደ ዘመኑ እንደሚለያይ አሳየ፤ ነሐሱ ተቆረጠባቸው የተባሉት፣ በዎልዊች የቆዩት ሁለት መድፎችም የቻይና ሥራ ሆነው ተገኝተዋል።