ሳይቃጠል በቅጠል፦ የዶሮ መኖን ከሻጋታ ስለ መጠበቅ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ በጠባብ ግቢ ዶሮ ለሚያረባ ሰው ከወጪው ኹሉ የሚከብደው የመኖ ዋጋ ነው። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ብዙ መኖ ገዝቶ ማስቀመጥ ብልኅነት ይመስላል። ነገር ግን ዝናቡ ሲበረታ ያ መኖ እርጥበት ይስባል፤ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይሻግታል።

ሻጋታ ምን ጉዳት ያደርሳል?

አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች የሞቱት ይህ መርዝ ያለበት የለውዝ ፋጉሎ በልተው ነው። በአዲስ አበባ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት መርዙ በወተት ላሞች መኖና በወተቱ ውስጥ ተገኝቷል፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ነበር። የኑግ ፋጉሎ ለዶሮ መኖም ይገባል። መርዙ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፤ እንቁላሏን ይቀንሳል፤ ጫጩቶችን ያቀጭጫል፤ በሽታ የመቋቋም ኀይላቸውንም ያደክማል። ተቀቅሎም አይጠፋም።

የተክል ዘይት ምን ይረዳል?

ጦስኝ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ መዓዛቸው የሚመጣው በውስጣቸው ካለው በቀላሉ ከሚተን ዘይት ነው። ዘይቱ የሚወጣው ተክሉን በእንፋሎት በማንጠር ነው። በጦስኝና በነጭ አዝሙድ ታይሞል፣ በቅርንፉድ ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እነዚህ የሻጋታውን ሽፋን ስለሚያፈርሱ እንዳይበቅል ይከለክሉታል። በአገራችንም የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ተክሎች ላይ ይሠራል።

ኾኖም ሦስት ነገር ልብ ይባል።

1ኛ/ ዘይቱ ሻጋታን ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የወጣውን መርዝ አያጠፋም። የሻገተ መኖ ሽታው ስላማረ ደኅና አይኾንም።

2ኛ/ ዘይቱ ተንኖ ስለሚጠፋ ባልተከደነ ዕቃ ብዙ አይቈይም።

3ኛ/ ከመጠን ካለፈ ዶሮዎቹ መኖውን ይጠላሉ። ስለዚህ መጠኑን ባለሞያ ሳይጠይቁ በግምት መጨመር አይገባም። እርጥብ ቅጠል መጨመር ደግሞ እርጥበት መጨመር ነው።

አርቢው ምን ያድርግ?

ሀ/ በቆሎ ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ። በደረቅ ጠርሙስ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ክደኑና በደንብ ናጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና አልደረቀምና አታከማቹት።

ለ/ ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ።

ሐ/ በክረምት ጥቂት ጥቂት ግዙ፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይለቅ።

መ/ የሻገተውን ከደኅናው ጋራ አትደባልቁ፤ ቅበሩት። አንድ ጆንያ መኖ መቅበር ያሳዝናል፤ ነገር ግን ዶሮዎቹን ከመቅበር ይሻላል።

ለልማት ሠራተኞች

ከአንድ መኖ በሁለት ጠርሙስ አድርጉ፤ በአንዱ ብቻ ዘይት ጨምሩ፤ ኹለቱንም ክደናችሁ በአንድ ስፍራ አኑሩ። የቱ አስቀድሞ እንደሚሻግት ለአርቢዎች አሳዩ። ይህን መኖ ግን ለዶሮ አትስጡ፤ መርዙ ሻጋታ በዐይን ባይታይም ሊኖር ይችላልና።

እንግዲህ ማድረቅ ይቅደም፤ ዘይቱ ረዳት ይኹን።